በፒሲኦኤስ ልጅ ስትፈልጊ፦ ከየትኛው ሕክምና ይጀመር?

የደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን እጽፍ ነበር። መስከረም 14። ቀጥሎ ኅዳር 29። ቀጥሎ የካቲት 20። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል። አማቴ ምንም አይሉም፤ ሲስሙኝ ግን ዓይናቸው ሆዴ ላይ ያርፋል። እናቴ በደወለች ቁጥር "ምነው፣ አሁንም የለም?" ትላለች። ሌላ ሴት በየወሩ ቀን ቆጥራ ትጠብቃለች። እኔ የምቆጥረው ወር እንኳ አልነበረኝም።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ስነሳ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ግራጫ ሞላላ ነገር ይታያል፤ ኦቫሪዬ ነው፣ እንቁላል የሚያድግበት አካል። ጠርዙን ተከትለው ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ልክ ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ። "እጢ እንዳይመስሉሽ" አለችኝ። "እንቁላል የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ።" እዚያው አልጋው ላይ አለቀስኩ። ለካ እንቁላል አላጣሁም። በጊዜው መብሰልና መውጣት ነው ያቃተው።

ምርጫሽን ስታመዛዝኚ ይህን አትርሺ። በፒሲኦኤስ (ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላል በጊዜው የማይወጣበት ችግር) ልጅ ለማግኘት የሚሰጡት አብዛኞቹ ሕክምናዎች የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ እንቁላሉ እንዲወጣ ማድረግ። የሚለያዩት በዋጋ፣ በምልልስ፣ በመንታ ዕድልና በሚወስዱት ጊዜ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ የተመላለስኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ያነበብኩ ሴት ነኝ። ይህን ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ እንጂ ፋርማሲ ገብተሽ በራስሽ መድኃኒት አትግዢ።

ከክኒን በፊት

"ፒሲኦኤስ አለብሽ" ለመባል አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮተርዳም ላይ ባለሙያዎች የተስማሙበት መለኪያ ሦስት ነገር ያያል። አንዱ የወር አበባ መዛባት ነው። ሁለተኛው የወንዴ ሆርሞን መብዛት ነው፤ በደም ምርመራ ወይም በፊት ፀጉርና በብጉር ይታወቃል። ሦስተኛው የኦቫሪው መልክ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ መገኘት አለባቸው። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞንም ይታይ፤ እነሱም ሲዛቡ ወር አበባን ያዛባሉ። የስኳር ምርመራም አብሮ ይሠራልሽ።

ከዚያ ባልሽ። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። የወንድ የዘር ፍሬ ምርመራ ከምርመራዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መቆጠብ፣ ናሙና መስጠት፣ አለቀ። በእኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ የምትመረመረውም፣ መጀመሪያ የምትወቀሰውም ሴቷ ናት። አንድ የማውቃት ልጅ ስምንት ወር ክሎሚድ የሚባለውን እንቁላል የሚያስወጣ ክኒን ዋጠች። ባሏ "እኔ ምንም የለብኝም" እያለ ቆየ። ሲመረመር የዘር ፍሬው ቁጥር በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ትኩሳት፣ ያ ሁሉ ተስፋና ለቅሶ ያለ ቦታው ነበር። ባልሽ ካቅማማ አብራችሁ ሂዱና ሐኪሙ ይንገረው። ከሐኪም አፍ ሲሰማው ይቀለዋል።

ሦስተኛው የማህፀን ቱቦ ነው። ቱቦው ከተዘጋ እንቁላሉ ቢወጣም መሄጃ የለውም። ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ቱቦ ይዘጋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። ኤችኤስጂ የሚባለው፣ በማህፀን በኩል ፈሳሽ ገብቶ የሚነሳው ኤክስሬይ ያሳያል። ያማል። ከኃይለኛ የወር አበባ ቁርጠት ጋር ይመሳሰላል፤ ግን የደቂቃዎች ነገር ነው። የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ውርጃ ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ነበረሽ? እንግዲያው ክኒን ከመጀመርሽ በፊት ይህን ምርመራ ጠይቂ።

ፎሊክ አሲድ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። የልጁ አከርካሪና አንጎል መሠራት የሚጀምረው ገና ማርገዝሽን ሳታውቂ ነው። ወር አበባዋ የሚጠፋባት ሴት ደግሞ ማርገዟን የምታውቀው ከሌላው ሰው ዘግይታ ነው። በኢትዮጵያ ከአከርካሪ ክፍተት ጋር የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ከፍተኛ ስለሆነ ይህችን ትንሽ ክኒን አትናቂያት።

ኪሎ መቀነስ ወይስ ወዲያው መድኃኒት?

ብዙዎቻችን የምንሰማው የመጀመሪያ ምክር "ቀንሺና ተመለሺ" የሚል ነው። እውነትነት አለው። ኪሎ ላላት ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንቁላል በራሱ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። 80 ኪሎ ከሆንሽ 5 በመቶ ማለት 4 ኪሎ ነው። እንደ ልጅነትሽ ቀጭን ሁኚ የሚልሽ የለም። ወጪ የለውም፤ የመንታ ስጋት የለውም፤ ለእርግዝናውም ይጠቅማል።

ጉዳቱ ጊዜ መብላቱ ነው። 25 ዓመትሽ ከሆነ ሦስት አራት ወር ብትሞክሪ ምንም አይደለም። 36 ከሆነ ግን "መጀመሪያ ቀንሺ" ብሎ አንድ ዓመት የሚያስጠብቅሽን ሐኪም እኔ አልቀበልም። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ። ቀጭን ከሆንሽ ደግሞ ይህ ምዕራፍ አይመለከትሽም። ቀጭን ሆና ፒሲኦኤስ ያለባት ብዙ ሴት አለች፤ ያለ ምክንያት መራብ ጭራሽ ወር አበባሽን ሊያጠፋው ይችላል።

ከምግቡ እኔን የጠቀመኝ ቀላል ነው። እንጀራ አልተውኩም። ሁለት የነበረውን አንድ አደረግኩ፤ ጎመኑንና ምስሩን አበዛሁ። ስኳር ግን ቆጠርኩ። በአንድ ሲኒ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን አምስት ሲኒ ሻይ። አስራ አምስት ማንኪያ! አላመንኩም ነበር። ጾም በራሱ ዳይት እንዳይመስልሽ። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በዳቦ፣ በፓስታና በጥብስ ድንች መጥገብ ኢንሱሊንን፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ከፍ ያደርገዋል፤ የፒሲኦኤስ ግማሹ ጣጣ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አትክልት ይቅደሙ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር። እንደ ኦዜምፒክ ያሉ የማክሲያ መርፌዎች ላይ ከሆናችሁ ለማርገዝ ከመሞከራችሁ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም አለባቸው። ለፊት ፀጉር ስፓይሮኖላክቶን የምትወስድም ለሐኪሟ ትንገር። ለማርገዝ እየሞከሩ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።

ሌትሮዞል ወይስ ክሎሚድ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሌትሮዞል የታዘዘልኝ ቀን ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ያውቃሉ?" አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከጥቅሉ ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። እውነትም "የጡት ካንሰር" ይላል። ለሁለት ቀን ክኒኑን ሳልነካው ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌትሮዞል የተሠራው ለጡት ካንሰር ነው። ሥራው ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን መቀነስ ነው። ኢስትሮጅን ለአምስት ቀን ዝቅ ሲል አንጎል ይነቃል፤ እንቁላል የሚያበስለውን ሆርሞን አብዝቶ ይልካል። አንዱ እንቁላል ያድግና ይወጣል። እንቁላሉ እስኪወጣ ድረስ አብዛኛው መድኃኒት ከሰውነትሽ ጠፍቷል። በወረቀቱ ላይ "ለመካንነት" የሚል አለመጻፉ ይጎዳል ወይም አይሠራም ማለት አይደለም። ዛሬ ዓለም አቀፉ የፒሲኦኤስ መመሪያ በመጀመሪያ ደረጃ የሚመክረው እሱን ነው።

ክሎሚድም አንጎልን ነው የሚቀሰቅሰው፤ በሌላ መንገድ። ኢስትሮጅን እያለ አንጎል እንዳያየው ይጋርደዋል። ችግሩ የሚጋርደው አንጎል ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ማህፀንም ላይ ያርፋል። የማህፀን ግድግዳ ሊሳሳ፣ የማህፀን በር ፈሳሽም ሊደርቅ ይችላል። እንቁላል ወጥቶላት ግን ያላረገዘች ሴት የምታጋጥመው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ፒሲኦኤስ ባለባቸው 750 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ሁለቱን ፊት ለፊት አወዳድሯል። እስከ አምስት ዙር ወስደው ልጅ የታቀፉት በሌትሮዞል 27.5 በመቶ፣ በክሎሚድ 19.1 በመቶ ነበሩ። መንታ በክሎሚድ በኩል በዛ ብሎ ታይቷል፤ 7.4 በመቶ ለ3.4። በልጆቹ ላይ የታየ የአፈጣጠር ችግር ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ክሎሚድ የወሰዱት ድንገተኛ ሙቀት አስቸግሯቸዋል፤ ሌትሮዞል የወሰዱት ድካምና ማዞር።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ሁለቱም ካሉ ሌትሮዞል ይቅደም። ሌትሮዞል ከጠፋ ወይም ሐኪምሽ በምክንያት ክሎሚድ ካዘዘ ግን አትደንግጪ፤ ክሎሚድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ልጅ ያስታቀፈ መድኃኒት ነው። ክሎሚድ ላይ ሆነሽ ዓይንሽ ከደበዘዘ ወይም ብልጭ ብልጭ ካለብሽ አቁሚና ወዲያው ደውዪ።

አወሳሰዱ አብዛኛውን ጊዜ ከወር አበባሽ 3ኛ ቀን ጀምሮ ለ5 ቀን ነው። ሌትሮዞል በ2.5 ሚሊግራም ይጀመርና እንቁላል ካልወጣ በቀጣዩ ዙር ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 7.5 ይወጣል። ወር አበባሽ ጭራሽ ካልመጣ ሐኪሙ የሚያመጣ ክኒን ያዝልሻል። ያንን ከመዋጥሽ በፊት ግን የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

ሌላው ስህተት እንቁላል መውጣቱን ሳያረጋግጡ ወር እየቆጠሩ መሄድ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ ፒሲኦኤስ ባለበት ሊያሳስት ይችላል። እሱ የሚለካው ሆርሞን እኛ ላይ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ፣ እንቁላል ሳይወጣም "ዛሬ ነው" ሊል ይችላል። የሚሻለው ከ12ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ አልትራሳውንድ ነው። ወይም ቀጣዩ ወር አበባ ይመጣል ከሚባልበት አንድ ሳምንት በፊት የፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ ከፍ የሚለው ሆርሞን) የደም ምርመራ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ይታይ። ግንኙነቱን በአንድ "ትክክለኛ ቀን" አትሰሩት፤ በዚያ ሳምንት በየአንድ ወይም ሁለት ቀኑ ይበቃል። ቀን ቆጥሮ መተኛት ትዳርን ያደክማል። እኛ ላይ ደርሷል።

ሜትፎርሚንስ?

ሜትፎርሚን የስኳር መድኃኒት ነው። ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እንዲጠቀም ይረዳል። ብዙ ሴት ብቻውን ተሰጥቷት ዓመት ትጠብቃለች። እ.ኤ.አ. በ2007 በ626 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ልጅ የወለዱት በሜትፎርሚን ብቻ 7.2 በመቶ፣ በክሎሚድ 22.5 በመቶ፣ ሁለቱን አብረው በወሰዱ 26.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ልጅ አሁን የምትፈልጊ ከሆነ ብቻውን ለእርግዝና ደካማ ምርጫ ነው። ስኳርሽ ከፍ ካለ ወይም ኪሎ ካለሽ ግን ከሌትሮዞል ወይም ከክሎሚድ ጎን ጥሩ አጋዥ ነው።

ሆድ ያስቸግራል። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ። ስለዚህ በ500 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ የሚወሰደውም ከምግብ ጋር ነው። የምትጾሚ ከሆነ በባዶ ሆድ አትዋጪው። ከ9 ሰዓት በኋላ ስትበዪ፣ በረመዳን ደግሞ በአፍጥርና በሱሁር ሰዓት እንዲሆን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ።

ክኒኑ ካልሠራ

ክኒን ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል? እንቁላል በትክክል እየወጣ ስድስት ዙር ካለፈ ያንኑ መደጋገም ትርፉ ትንሽ ነው። እንቁላሉ በከፍተኛው መጠንም ካልወጣ ደግሞ ስድስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ አለ፦ መርፌ፣ ቀዶ ሕክምናና አይቪኤፍ።

መርፌው እንቁላል የሚያበስለውን ሆርሞን በቀጥታ ይሰጣል። ኃይለኛ ነው። ኃይሉ ራሱ ግን እዳ አለው። እኛ ኦቫሪ ውስጥ የቆሙ ከረጢቶች ብዙ ናቸው፤ መርፌው አንዱን ሲቀሰቅስ ሌሎቹም ሊነሱ ይችላሉ። መንታና ሦስት የመሆን ዕድሉ ከክኒን ይበልጣል። ኦቫሪ ከልክ በላይ ማበጥም አለ። ሆድ ይነፋል፣ ኪሎ በቀናት ውስጥ ይጨምራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ይህ ከመጣ ሆስፒታል ነው። በትንሽ መጠን ተጀምሮ፣ በየጥቂት ቀኑ አልትራሳውንድ እየታየ ብቻ ነው የሚሰጠው። "ወስደሽ ቤት ተወጊ፣ ከወር በኋላ ነይ" ከተባልሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። አንዳንዱ መርፌ ፍሪጅ ይፈልጋል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንሽ ከመግዛትሽ በፊት ይህንንም አስቢ።

ቀዶ ሕክምናው ሆድ ሳይከፈት በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ነው። ኦቫሪው ላይ በሙቀት ጥቂት ነጥቦች ይበሳሉ። የወንዴ ሆርሞን ይቀንስና እንቁላል በራሱ መውጣት ይጀምራል። ጥሩነቱ አንዴ ከተሠራ በየሳምንቱ ምልልስ የለም፤ የመንታ ዕድልም አይጨምርም። በዚያው ሰዓት ቱቦሽም ይታያል። ከከተማ ርቃ ለምትኖር፣ በየሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ ለማትደርስ ሴት ከመርፌው ይልቅ ይህ ሊመች ይችላል። መጥፎው ማደንዘዣ መኖሩ፣ ጠባሳ ሊጣበቅ መቻሉ፣ ከመጠን በላይ ከተበሳ ደግሞ የእንቁላል ክምችት መጉዳቱ ነው። በእጁ ብዙ የሠራ ሐኪም ፈልጊ።

አይቪኤፍ፣ እንቁላሉና የዘር ፍሬው ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ሽሉ ወደ ማህፀን የሚመለስበት ሕክምና፣ የመጨረሻው ነው ይባላል። ለእኛ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻ መሆን የለበትም። ቱቦሽ ከተዘጋ ወይም የባልሽ ቁጥር በጣም ዝቅ ካለ በክኒን ጊዜ አታጥፊ፤ በቀጥታ ወደዚያ ሂጂ። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ እንቁላል ትሰጣለች። በዚያው ልክ ግን ኦቫሪዋ የማበጡ ስጋት ከፍ ያለ ነው። እዚህ ላይ ልትጠይቂው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ሽሉን ወዲያው ትመልሱታላችሁ ወይስ አቀዝቅዛችሁ ቆይታችሁ?" እ.ኤ.አ. በ2016 ቻይና ውስጥ ፒሲኦኤስ ባለባቸው 1,508 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት የቀዘቀዘ ሽል የተመለሰላቸው 49.3 በመቶ፣ ወዲያው የተመለሰላቸው 42 በመቶ መውለዳቸውን አሳይቷል። ከባዱ የኦቫሪ ማበጥ ደግሞ 1.3 ለ7.1 በመቶ ነበር። ለእኔ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ዋጋው ከባድ ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት የአይቪኤፍ ማዕከል ከፍቷል፤ ከግል ክሊኒክ ጋር ሁለቱንም ዋጋና ወረፋ ጠይቂና አወዳድሪ። እስራኤል ላላችሁ እስከ 45 ዓመት፣ ሁለት ልጅ እስክታገኙ ድረስ የጤና መድኑ ይሸፍነዋል፤ እዚያ ገንዘብን ፈርቶ መዘግየት አያስፈልግም። አሜሪካ አንድ ዙር ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ መድኑም እንደ ስቴቱና እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። የሥራ ቦታችሁን የሰው ኃይል ክፍል ሳትጠይቁ "አይሸፍንም" ብላችሁ አትደምድሙ።

ተለያይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ

ባል ዱባይ፣ ሚስት ደሴ። ወይም ተገላቢጦሹ። በዓመት አንድ ወር ነው የሚገናኙት። ወር አበባዋ በየሁለት ወሩ ለሚመጣ ሴት ያ አንድ ወር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዝግጅቱ ባል ከመምጣቱ ከሦስት ወር በፊት ይጀመር። ምርመራሽን ጨርሺ። እሱም ባለበት አገር ተመርምሮ ውጤቱን በስልክ ይላክ። የክኒኑ ትክክለኛ መጠን ከእሱ መምጣት በፊት በሙከራ ዙር ይታወቅ። ወር አበባሽን በክኒን አስተካክሎ እንቁላሉ እሱ በሚኖርበት ሳምንት እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። የዘር ፍሬ አስቀዝቅዞ የሚያስቀምጥ ክሊኒክ ካገኛችሁ እሱም አንድ መንገድ ነው።

ጠበል፣ አብሽና ተልባ

ለማርያም ስለት ተስያለሁ። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። በዚህ የሚያፍር ሰው አልሁን። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር፤ ሌትሮዞልም ከዚያ የተለየ አይደለም። የምለምንሽ ለጠበል ብለሽ መድኃኒቱን መሐል ላይ እንዳታቋርጪ ብቻ ነው። አብሽ፣ ተልባና ጥቁር አዝሙድ እንደ ምግብ ጥሩ ናቸው። እንቁላል ያወጣሉ ብለሽ ግን ስድስት ወር አትስጫቸው። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ "የማህፀን መድኃኒት" እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት ግን ፈጽሞ አትንኪ።

ሲሳካ

በአራተኛው ዙር፣ በ5 ሚሊግራም፣ ሁለት መስመር አየሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ነበር። ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

ፒሲኦኤስ ያለባት እርጉዝ የእርግዝና ስኳርና የደም ግፊት ከሌላው በበለጠ ያሰጋታል። የመጀመሪያ ክትትልሽ ላይ ፒሲኦኤስ እንዳለብሽ ንገሪያቸው። ስኳርሽ ያኔውኑ ይታይ፤ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እንደገና። ሜትፎርሚን ላይ ከሆንሽ መቀጠልና ማቆሙን ሐኪም ይወስን። እርግዝናን እስኪገፋ ለሰው አለመናገር ልማዳችን ነው። ለጎረቤት አትንገሪ፤ ጤና ጣቢያ ግን በዚያው ሳምንት ሂጂ።